ስም የተሰጠው ማን ነው? በቻይና የጦርነት ፊልሞች ስለሚታዩትና ስለማይታዩት ሰዎች



ንግግሬን ከአንድ ድንች እጀምራለሁ። በ2021 በወጣው «የቻንግጂን ሐይቅ ጦርነት» በተባለው የቻይና ፊልም ውስጥ ወታደሮች በረዶ ላይ አድፍጠው ለዕለቱ የደረሳቸውን ድንች ለመብላት ይታገላሉ። ድንቹን ቅዝቃዜው ድንጋይ አድርጎታል፤ ጥርስ አይገባበትም። በሌላ በኩል የአሜሪካ ወታደሮች የምስጋና በዓላቸውን ያከብራሉ፤ ተርኪ የሚሉት ትልቅ ዶሮ ተጠብሶ ቀርቦላቸዋል። ፊልሙ ሁለቱን ማዕድ ጎን ለጎን አድርጎ ያሳየናል፤ ከዚያ በኋላ ልባችን ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። እኔም ያንን ድንች ባየሁ ጊዜ ሆዴ ባብቷል።

ፊልሙን ደግሜ ሳየው ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ይህ ሐይቅ የማን ነው? ሐይቁ ያለው ኮሪያ ውስጥ ነው። የሚቃጠለው መንደር፣ የሚፈርሰው ድልድይ፣ በበረዶ የተሸፈነው ተራራ ሁሉ የኮሪያውያን ነው። ታዲያ ኮሪያውያኑ የት ሄዱ? ሦስት ሰዓት በሚጠጋው ፊልም ውስጥ ስሙ ተጠርቶ፣ ታሪኩ ተነግሮ፣ ከአዳራሽ ስወጣ በልቤ ይዤው የወጣሁት ኮሪያዊ የለም።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ ነገር ነው። የቻይና የአገር ፍቅር ፊልሞች ማንን በስሙ እንደሚጠሩ፣ ማንን ከኋላ እንደሚያቆሙ። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በመጀመሪያ የፊልሙን ክብደት ልናገር። «የቻንግጂን ሐይቅ ጦርነት» በሦስት ስመ ጥር ዳይሬክተሮች፣ በቼን ካይጌ፣ በጹይ ሃርክና በዳንቴ ላም የተሠራ ነው። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ያ ገቢ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የመጣው ከቻይና ሲኒማ ቤቶች ነው። ታሪኩ የኮሪያ ጦርነት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ 1950 ነው። በሶንግ ሺሉን የሚመራው ዘጠነኛው የቻይና ጦር ስስ የጥጥ ልብስ ለብሶ ከምሥራቅ ቻይና ወደ ሰሜን ኮሪያ ተራሮች ዘመተ። ቅዝቃዜው ሌሊት ከዜሮ በታች ከ30 ዲግሪ ይወርድ ነበር። ከጥይት ይልቅ ብርዱ የጣለው ብዙ ነው። በፊልሙ መጨረሻ ገደማ ጠመንጃቸውን እንዳነጣጠሩ በረዶ ሆነው የቀሩ ወታደሮች ይታያሉ፤ የአሜሪካው ጄኔራል ስሚዝም ያያቸውና ሰላምታ ይሰጣቸዋል።

እነዚህ የሞቱ ልጆች ክብር ይገባቸዋል። በዚህ ላይ ከማንም ጋር ክርክር የለኝም። ፊልሙም ለእነሱ ቤተሰብ ሰጥቷቸዋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ የወንድሙን አመድ በሣጥን ይዞ ወላጆቹ ወደሚኖሩበት ጀልባ ሲመለስ ነው ታሪኩ የሚከፈተው። ጀልባው ቤታቸው ነው፤ ከዚያ ላይ እናቱ ትታያለች። ስለዚህ በኋላ ልጆቿ በረዶ ላይ ሲወድቁ እኛ የምናየው የአንዲት እናትን ልጆች ነው። የፊልም ጥበብ ማለት ይኸው ነው። የምጠይቀው ይህ ጥበብ ለማን እንደሚደርስ ነው። ለጠላት ጄኔራል ደርሶታል፤ ስም አለው፣ ይናገራል፣ ኅሊናም ተሰጥቶታል። መሬቷ የጦር ሜዳ ለሆነባት ለኮሪያዊቷ እናት አልደረሳትም።

የሚገርመኝ ድሮ እንዲህ አለመሆኑ ነው።

በ1956 የተሠራ «ሻንግጋንሊንግ» የሚባል ጥቁርና ነጭ ፊልም አለ። ወታደሮች በተራራ ሆድ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ታፍነው ውሃ ጥም ሊገድላቸው ደርሷል። አንድ ፖም ይገባላቸዋል። አንዱ ተቀብሎ በጥቂቱ ይነክስና ለሚቀጥለው ያሳልፋል፤ ያም እንዲሁ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ድምፃቸው አይወጣም። ፖሙ ዋሻውን ዞሮ ሲመለስ ገና አላለቀም። በዚያው ዋሻ ውስጥ አንዲት ነርስ አለች፤ እሷ የምትዘፍነው ስለ አገር የሚናገር መዝሙር እስከ ዛሬ ድረስ ቻይናውያን በቃላቸው የሚያውቁት ነው። በወንዶች በተሞላ ፊልም ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ድምፅ የሴት ነው። ከእሷ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ሺየ ጂን «የሴቶች ቀይ ጓድ»ን ሲሠራ በሃይናን ደሴት ጠመንጃ ያነሱ ሴቶችን ራሳቸውን የታሪኩ ባለቤት አድርጓቸዋል። በ2021ዱ የሐይቅ ፊልም ሴቶች ምን ያህል ቦታ እንዳላቸው ስትመለከቱ ስልሳ ዓመት ወደ ኋላ የተሄደ ይመስላል።

ወደ ኮሪያውያኑ ልመለስ። በ1972 ወደ ፊልም የተቀየረው «የነጭ ነብር ሬጅመንት ላይ የተደረገ ወረራ» የተባለው ኦፔራ በባህል አብዮቱ ዘመን የገነነ ነው፤ ሰዎቹ እንደ ሐውልት ቆመው የሚዘፍኑበት፣ ክፉና ደግ ገና ከፊታቸው ቀለም የሚለይበት ሥራ ነው። እንደ ጥበብ ብዙ አልወደውም። ነገር ግን በእሱ ውስጥ ቹይ የምትባል ኮሪያዊት እናት አለች። የቻይናውን ወታደር እንደ ልጇ ትቀበለዋለች፤ ጠላት ሲገድላትም ወታደሩ እንደ እናቱ ያለቅስላታል። በ1964 በወጣው «ጀግና ወንዶችና ሴቶች ልጆች»ም ውስጥ የኮሪያ መንደርተኞች አሉ፤ ቁስለኛ ይሸከማሉ፣ ይመክራሉ፣ ያዝናሉ።

እንግዲህ ገንዘብ በሌለበት፣ የፈረንጅ ወታደር ሆኖ የሚተውን ሲጠፋ ቻይናዊ ተዋናይ ሰው ሠራሽ አፍንጫ ተለጥፎበት በሚተውንበት ዘመን ለኮሪያዊቷ እናት ስም ተገኘ። በ200 ሚሊዮን ዶላሩ ፊልም ግን አልተገኘም። ለምን? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ጦርነቱ በሚጠራበት ስም ውስጥ አለ። ቻይናውያን ይህንን ጦርነት «አሜሪካን መቋቋም፣ ኮሪያን መርዳት» ይሉታል። በሃምሳዎቹና በስልሳዎቹ ሁለቱም የስሙ ክፍሎች ይሠሩ ነበር። ድሆች አገሮች ወንድማማች ናቸው የሚለው እምነት የመንግሥት ቃል ስለነበረ፣ የሚረዳው ወንድም ፊቱ መታየት ነበረበት። ዛሬ የቀረው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ፊልሙ የሚነግረው ቻይና ከኃያሉ ጋር ተጋጥማ አለመውደቋን ነው፤ ለዚህ ታሪክ ሁለት ሰው ይበቃዋል፣ ሦስተኛው ትርፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያንም አለንበት። ሻንግጋንሊንግ ብለው ቻይናውያን የሚጠሩት ቦታ አሜሪካውያን «የሦስት ማዕዘን ኮረብታ» ያሉት ነው። በጥቅምት 1952 ያንን ኮረብታ ለመያዝ የተንቀሳቀሰው ሰባተኛው የአሜሪካ ክፍለ ጦር ነበር። የእኛ የቃኘው ሻለቆች ደግሞ ከግንቦት 1951 ጀምሮ ኮሪያ ገብተው የተመደቡት በዚሁ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነው። ይኸው 32ኛ ሬጅመንት አንድ ሻለቃው በ1950 ክረምት ከቻንግጂን ሐይቅ ምሥራቅ ተከብቦ ያለቀበት ነው። የእኛ አባቶች ሲደርሱ በዚያ የጎደለ ክፍል ውስጥ ነው የገቡት። ከ120 በላይ ሞተዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም።

አስቡት እንግዲህ። ፖሙ በዋሻው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ በዚያው ግንባር ከማዶ ወገን የሐረር፣ የጎጃም፣ የሸዋ ልጆች ነበሩ። በቻይናው ፊልም ጠላት አሜሪካዊ ነው፤ ያ ብቻ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ታሪክ ውስጥ እነሱ የእኛን ፊት አያውቁትም። እኛም የዚያችን ነርስ መዝሙር አናውቀውም። በኮሪያ ምድር የተዋጋው አባቴ ወይም አያቴ ነው የምትሉ በዚህ አዳራሽ ካላችሁ፣ «ሻንግጋንሊንግ»ን ፈልጋችሁ እንድታዩት እለምናችኋለሁ። ጠላት የነበረውን ሰው ጥሙን ማየት ለዘማች ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ራሷ ስለ ቻይና የውስጥ ልዩነት ደግሞ ትንሽ ልበል። አገሪቱ በይፋ የምትቆጥራቸው 56 ብሔረሰቦች አሏት። የጦርነት ፊልሞቿ ይህንን አልረሱም። በ1959 የወጣው «የሑይ ሕዝብ ጓድ» በሄበይ ሜዳ ጃፓንን ስለተዋጋው ሙስሊም አዛዥ ስለ ማ ቤንጃይ ነው። እናቱን ጃፓኖች ይዘው ልጅሽን እጁን እንዲሰጥ ጥሪው አሏት፤ እምቢ ብላ ምግብ ትታ በእስር ሞተች። ይህ የሆነ ታሪክ ነው። ፊልሙም ሙስሊሙን ጀግና በሙስሊምነቱ ከነሕዝቡ ያሳየዋል።

በ1963 የወጣው «ገባሮች» ግን ውስብስብ ነው። ትኩረቱ ቲቤት ነው፤ ተዋናዮቹም ቲቤታውያን ናቸው፤ ይህ በዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አልነበረም። ዋናው ሰው ጃምፓ ይባላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጌቶቹ ስላሠቃዩት አፉን ዘግቶ ዲዳ ሆኖ ይኖራል። ፊልሙን ከሞላ ጎደል ሙሉውን የሚሸከመው በዓይኑ ነው። ወንበር ሆኖ ጌታውን በጀርባው ፈረስ ላይ ሲያወጣ፣ ጀርባው ሳይሆን ዓይኑ ነው የሚያሳምመኝ። በመጨረሻ አፉን ሲከፍት ከአንደበቱ የሚወጣው የማኦ ስም ነው። ድምፁም በማንዳሪን የተቀዳ ነው። ተዋናይ ዋንግዱይ በፊቱ ብቻ የሠራው ሥራ ዓለም ሊያየው የሚገባ ነው እላለሁ። ግን ቲቤታዊው በገዛ ቋንቋው፣ ስለ ገዛ ሐሳቡ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይናገር ፊልሙ ያልቃል። ፊት ተሰጥቶት ምላስ የተነፈገ ሰው አለ ማለት ይቻላል? እኔ ግማሹ አለ እላለሁ።

የቋንቋ ነገር ከተነሣ፣ በቅርብ ዓመታት ደስ ያሰኘኝ ለውጥ አለ። ጃንግ ዪሙ ከልጁ ከጃንግ ሞ ጋር በ2022 የሠራው «አነጣጣሪዎች» የተባለው የኮሪያ ጦርነት ፊልም ወታደሮቹ የሚያወሩት በሲችዋን ገጠር አነጋገር ነው። የቤጂንግ ሰው ጽሑፍ ከሥር ያስፈልገዋል። ወታደሮቹ ሲሳሳቁ፣ ሲሳደቡ፣ ሲሞቱም የመንደራቸው ልጆች ሆነው ነው። በጓን ሁ የተሠራው የ2020ው «ስምንት መቶዎቹ»ም ከየአውራጃው የተለቃቀሙ ወታደሮች ናቸው የያዘው። አንዱ ትንሽ ልጅ «ትንሹ ሁቤይ» እየተባለ በአገሩ ስም ይጠራል፤ አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ ስለነበረ «ሽማግሌው የሒሳብ ሰሌዳ» ይሉታል፤ ይህ ሰው ከመዋጋት ይልቅ መሸሽ የሚፈልግ ነው። ፊልሙ በ1937 ሻንጋይ ውስጥ አንድ የዕቃ መጋዘን ይዘው ጃፓንን ስለተቋቋሙ የኩሚንታንግ ወታደሮች ነው። ኩሚንታንግ ኋላ ከኮሚኒስቶች ጋር ተዋግቶ የተሸነፈው ፓርቲ ነው። ፊልሙ በሰኔ 2019 በሻንጋይ የፊልም ፌስቲቫል መክፈቻ ሊታይ ታስቦ በድንገት ቀረ፤ ለሕዝብ የወጣው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በነሐሴ 2020 ነው። ወታደሮቹ በመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ባንዲራ ለማቆም ይሞታሉ፤ ባንዲራው ራሱ ግን በግልጽ እንዲታይ አልተደረገም። የተሸናፊው ወገን ሟች ስም አገኘ፤ የሞተለት ጨርቅ ግን ብዥታ ሆኖ ቀረ።

ይህንን ሁሉ ስል በቻይና ያሉ የፊልም ሰዎችና ተመልካቾች ይህን ጥያቄ አያውቁትም እያልኩ አይደለም። በነፃነት የማንሣቱ ነገር ነው አስቸጋሪ የሆነው። በ2018 የጀግኖችንና የሰማዕታትን ስም የሚጠብቅ ሕግ ወጥቷል፤ በ2021 ደግሞ ወንጀለኛ መቅጫው ውስጥ ገብቷል። በዚያው ዓመት ስለ ሐይቁ በረዶ ሰማዕታት በኢንተርኔት የሚያንቋሽሽ ነገር ጽፏል የተባለ የቀድሞ ጋዜጠኛ በ2022 ሰባት ወር ተፈርዶበታል። የሞቱትን ማንቋሸሽ አልደግፍም። ሆኖም ስለ ሞቱት መጠየቅ የሚያስፈራ ከሆነ፣ በፊልሙ ውስጥ ማን እንደጎደለ የሚናገር ሰው ከወዴት ይመጣል?

ከዚህ ቀደም ጠይቆ ዋጋ የከፈለ አለ። ጂያንግ ዌን በ2000 የሠራው «በደጃፍ ላይ ያሉ ሰይጣኖች» በካን ፌስቲቫል ታላቁን የዳኞች ሽልማት አገኘ፤ በአገሩ ግን እንዳይታይ ተከለከለ። በጃፓን ወረራ ዘመን ለአንድ የሄበይ መንደር ገበሬዎች ሁለት ሰዎች በጆንያ ታስረው በአደራ ይሰጧቸዋል፤ አንድ የጃፓን ወታደርና ቻይናዊ አስተርጓሚው። ወታደሩ ገበሬዎቹን በቋንቋቸው ሰድቦ እንዲገድሉት ይፈልጋልና አስተርጓሚውን ስድብ አስተምረኝ ይለዋል። አስተርጓሚው ነፍሱን ለማትረፍ የአዲስ ዓመት መልካም ምኞት ያስተምረዋል። ጃፓናዊው ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ደም ሥሩ ተገታትሮ፣ እየጮኸ እንኳን አደረሳችሁ ይላቸዋል። ገበሬዎቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ሳንሱሮቹ ያልወደዱት አንዱ ነገር እነዚህ ገበሬዎች ጠላታቸውን በቂ አድርገው አለመጥላታቸው ነው። እኔ ግን ያንን መንደር ከብዙ የጀግና ፊልሞች ይበልጥ አምነዋለሁ። ስለዚህም ነው በመጨረሻ የሚደርስባቸው እልቂት ልቤን የሰበረው።

አሁን ወደ አፍሪካ እንምጣ።

በ2017 ዉ ጂንግ ራሱ ዳይሬክተር ራሱ ተዋናይ ሆኖ የሠራው «ተኩላው ጦረኛ 2» ከ5 ቢሊዮን ዩዋን በላይ አስገባ። አንድ የቀድሞ የቻይና ኮማንዶ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣባት አፍሪካዊት አገር ውስጥ ወገኖቹን ያድናል። የአገሪቱ ስም ምንድን ነው? የላትም። ቀረጻው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ታሪኩ ግን «አፍሪካ» ውስጥ ነው። ወረርሽኝ አለ፣ ዐማፂ አለ፣ የሚያርድ ነጭ ቅጥረኛ አለ። እኛ አህጉራችንን የምናውቅ ሰዎች ይህ ስም አልባነት ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ስም የሌለው አገር ታሪክ የለውም፤ ለምን እንደሚዋጋ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሆኖም አንድ ትዕይንት አለ፣ ስለ እሱ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። በአንድ ፋብሪካ ግቢ ቻይናውያንና አፍሪካውያን ሠራተኞች ተሰብስበዋል። ሄሊኮፕተር ሊመጣ ነው፤ የሚወስደው ግን ቻይናውያንን ብቻ ነው። ኃላፊው ቻይናውያን በዚህ፣ የአገሬው ሰዎች በዚያ ብሎ ይለያቸዋል። አብረው የሠሩ ሰዎች ተለያይተው ይቆማሉ፤ ጩኸትና ለቅሶ ይነሣል። ኮማንዶው ይገባና ልዩነቱን ያፈርሰዋል፦ ሴቶችና ሕፃናት የማንም ይሁኑ በሄሊኮፕተር፣ ወንዶች ከእኔ ጋር በእግር። ለዚያች ደቂቃ ፊልሙ የሚያስፈልገንን ጥያቄ ራሱ አንሥቶ ራሱ በጎ መልስ ሰጠው። ጀግናው የክርስትና ልጅ አድርጎ የያዘው ቱንዱ የሚባል ልጅም አለ፤ ስም አለው፣ ይቀልዳል፣ ያጭበረብራል። ከዚያ በኋላ ግን አፍሪካውያኑ ወይ ይሞታሉ ወይ ይድናሉ፤ አንዱም ራሱ አስቦ የታሪኩን መንገድ አይቀይርም። አዳኝና ተዳኝ ብቻ ከሆንን፣ የተዳኙ ቆዳ ቀለም በየፊልሙ አንድ ከሆነ፣ ይህንን ለሆሊውድ ስንናገር የኖርነውን ለቤጂንግም መናገር አለብን። ወዳጅነት ዝም አያሰኝም።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ዳንቴ ላም «ዘመቻ ቀይ ባሕር»ን ሠራ። ሞሮኮ ውስጥ የተቀረጸ፣ ስሟ በፈጠራ በተሰጠ አገር የሚካሄድ ፊልም ነው። መነሻው ግን እውነተኛ ነገር ነው፤ በ2015 የየመን ጦርነት ሲፋፋም የቻይና ባሕር ኃይል ዜጎቹን ከኤደንና ከሁደይዳ ማውጣቱ። ፊልሙ ለወታደሮቹ ለእያንዳንዳቸው ስምና ጠባይ ሰጥቷል፤ ከመትረየስ ተኳሾቹ አንዷም ሴት ናት፣ ከወንዶቹም በጽናት አታንስም።

ከእውነተኛው ታሪክ ውስጥ ግን ፊልሙ ያልነገረው አንድ ቀን አለ። ሚያዝያ 2 ቀን 2015 ሊንዪ የተባለች የቻይና የጦር መርከብ ኤደን ወደብ ተጠግታ የሌሎች አገሮች ዜጎችን ጫነች። 225 ሰዎች ነበሩ፣ ከ10 አገሮች። አብዛኞቹ፣ 176ቱ፣ ፓኪስታናውያን ናቸው። ቀጥሎ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ 29 ሰዎች። ወደ ጅቡቲ ወሰደቻቸው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንል ሰዎች ነን። ስለ እነዚያ 29 ሰዎች እኛም ፊልም አልሠራንም፤ ጥፋቱን በቻይናውያን ላይ ብቻ አልጭነውም። ግን ያችን መርከብ በሲኒማ ባያት እወዳለሁ። በዚያው ውሃ ላይ ስንት የኛ ልጆች ከጅቡቲዋ ኦቦክ ተነሥተው በደላላ ጀልባ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ የመን ሲሻገሩ እንደኖሩ ታውቃላችሁ። ተኩስ ያለበት ትዕይንት አያስፈልጋትም። በመርከቧ መሰላል ጫፍ ላይ መዝገብ የያዘ አንድ ወጣት መርከበኛ ይቁም፤ ምናልባት የሲችዋን ገጠር ልጅ ይሁን። ፊት ለፊቱ አንዲት ኢትዮጵያዊት ፌስታል ይዛ ትቁም። ስሟን ይጠይቃት። ትንገረው። አይሰማውም፤ እንደገና ይጠይቃት። ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ትንገረው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ፣ እየተሳሳተ፣ እየሰረዘ፣ ይጻፈው።